ባለመርፌዋና መጋላ

ሰኞ ጠዋት ሶሊያና ዘርጋው አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ውሻ ወገብ ላይ አምስተኛውን መርፌ እያሳረፈች ሳለ ጆሮዋ ውስጥ ጥሪ ገባ። አላነሳችውም። መርፌ ከተተከለ በኋላ ሃያ ደቂቃ ከማንም ጋር በስልክ አታወራም፤ ደንበኞቿ ሁሉ ይህን ያውቃሉ።

ውሻው ቡቺ ይባላል። በዚያ ዓመት፣ በ2078 ዓ.ም.፣ በቢሾፍቱ ረጃጅም ፎቆች ውስጥ ከሚኖሩት ውሾች ሲሶው ቡቺ ነበር። የድሮ ስም እንደገና ፋሽን ሆኗል። ባለቤቲቱ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የምታየው ውሻውን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ግድግዳው ላይ የቡቺ ቁጥር በርቷል፤ አርባ አራት።

ቁጥሩ የሚመጣው ከእንስሳው የአንገት ቀለበት ነው። ዜሮ ማለት ሕመም የለም ማለት ነው። ሃያ ሠላሳ ሲሆን ማንም ብዙ አይጨነቅም። በሦስት ተከታታይ ንባብ ከስልሳ በላይ የሆነ እንስሳ ግን ይሸኛል። ነጭ መኪና ይመጣል፤ ሁለት ትሑት ወጣቶች ይወርዳሉ፤ ባለቤቱን በለሰለሰ ድምፅ አጽናንተው እንስሳውን ይወስዱታል። ባለቤቱ ከፈለገ በዚያው ዕለት ሌላ ይመጣለታል፤ ስሙም ይቀጥላል። ይኼኛው ቡቺ ሦስተኛው ነበር።

«እስኪ ያንን ነገር አጥፊው» አለች ሶሊያና።

«ቁጥሩን? እንዴ! እንዴት አውቃለሁ ታዲያ?»

«እጅሽን ጎኑ ላይ አድርጊ። ሲተነፍስ ይሰማሻል? ከቅድሙ ረዘም አላለም?»

ሴትዮዋ ትኩስ ድስት እንደምትነካ እየፈራች እጇን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ «ይሞቃል» አለች፣ በጣም እንደ ገረማት ሁሉ።

ሶሊያና ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ወጣት ሳለች የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበረች፤ በኋላ ሞጆ ውስጥ ከአንድ ቻይናዊ የእንስሳት ሐኪም ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ ተማረች። ፈቃዷ ላይ «አኩፓንክቸር፣ ተጓዳኝ ሕክምና» ይላል። ሰዉ ግን የቻይና መርፌ ነው የሚለው፤ እሷንም ባለመርፌዋ ይሏታል። ሐኪም ያላየውን እንስሳ አትነካም። መድኃኒት አቁሙ ብላም አታውቅም። መርፌዋ መድኃኒቱ የተወውን ትንሽ ነገር ያግዛል፣ አንዳንዴም አያግዝም፤ ይህን ለሁሉም አስቀድማ ትናገራለች። በሰኔ መጨረሻ ሥራውን ዘግታ አርባ ምንጭ ልጇ ዘንድ ልትገባ ወስናለች። ልጇ ክፍሉን ቀለም አስቀብታ ጨርሳ ምስሉን ልካላታለች።

አሳንሰሩ ውስጥ ስትሆን መልሳ ደወለች። የደወለችላት ዶክተር በእምነት ነበረች፤ ጨለለቃ ሐይቅ ዳር ያለው የትዝታ መንደር የእንስሳት ሐኪም።

«እትዬ ሶሊያና፣ አንድ ፈረስ አለን። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ አልቋል፤ መድኃኒት ላይ ነው። ቁጥሩ ግን ሃምሳ ስምንት ገብቷል።»

«ዓመታዊ ንባቡ መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አለች ዶክተሯ። «የጋሪው ነጂ የቻይና መርፌ ካልሆነ ብለው ሙጭጭ አሉ። እርስዎን ነው የፈለጉት። የዘርጋውን ልጅ ጥሩልኝ ነው ያሉኝ።»

ሶሊያና እንደዚያ ብሎ የሚጠራት ሰው ከሰማች አርባ ዓመት ሊሞላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሄደች። የትዝታ መንደር አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን የሚሆን ክብ መንገድ ነው፤ የ2020ዎቹን ቢሾፍቱ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። ሆን ተብሎ የተነቃቀለ ኮብልስቶን አለው። ሆን ተብሎ ያዘመመ የመብራት ምሰሶም አለው። የማይሄድ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል። ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚሰለፍበት ግን አንዲት ጠባብ ሱቅ ናት፤ እዚያ የሞባይል ካርድ ገዝቶ በጥፍር መፋቅ ይቻላል። ካርዱ የትም አይሞላም። ሰዎች ፍቀው፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው አንብበው፣ ፈገግ ብለው ይወጣሉ። በየሩብ ሰዓቱ መብራት ይጠፋል። ያን ጊዜ ጎብኚው ሁሉ አንድ ላይ «ሄደ!» ይላል፤ ሲመለስም «መጣ!» ብሎ ያጨበጭባል።

ከድምፅ ማጉያ «ሆራ! ሆራ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ጥሪ ተለቀቀ። ሶሊያና ቆመች። ድምፁ የማን እንደሆነ አታውቅም፤ ሆኖም መናኸሪያው በር ላይ የነበረው ጩኸት፣ የአባቷ ጋሪ ቀይ ሸራ፣ በእርጥብ ፉርሽካ የተሞላው ባልዲ ሽታ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። አባቷ ወደ ሆራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ዛቡን ያስይዛት ነበር። እግሯ የጋሪውን ወለል አይነካም ነበር። ከዝናብ በፊት አየሩ ሲከብድ የኮቴው ድምፅ ይለወጣል፤ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፣ የሚያምናትም አይኖርም።

ጎብኚ በጋሪ የሚያዞሩ ስድስት ፈረሶች ነበሩ። በስተመጨረሻው ጋጣ ደጃፍ ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቆመው አየቻቸው።

«ዘርጋው ቁርጥ!» አሉ ሽማግሌው። «አቤት! አፍንጫሽ ሳይቀር!»

«ጋሽ ኦብሳ?»

ኦብሳ ዲንቃ የአባቷን ሁለተኛ ጋሪ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ፣ ዛሬ ሰባ ሞልቷቸዋል። ጋሪ ከከተማ ሲከለከል የጥበቃ ሥራ ሠሩ፣ ጋራዥ ውስጥ ሠሩ፤ መንደሩ ሲከፈት «ጋሪ መንዳት የሚያውቅ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ፣ የመጡትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌሎቹን ነጂዎች ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከጋጣው ጎን ባለች ክፍል ይኖራሉ። ሰባ ዓመት ለሞላቸው ዜጎች የእጅ ቀለበት መታደል የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ማድረጉ ገና በፈቃድ ነበር። ጋሽ ኦብሳ የእሳቸውን ጋጣው ግድግዳ ላይ፣ ሚስማር ላይ ሰቅለውታል።

ፈረሱ መጋላ ይባላል፤ መልኩም መጋላ ነው፣ ደረቅ ቀይ አፈር የመሰለ። ሶሊያና መጀመሪያ ምንም አላደረገችም። አጠገቡ ቆማ እስኪያሸታት ጠበቀች። ከዚያ ከጫንቃው ጀምራ በአውራ ጣቷ አከርካሪውን ግራና ቀኝ እየተጫነች ወደ ኋላ ሄደች። ወገቡ ላይ ስትደርስ ቆዳው ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ። የግራ የኋላ እግሩን ለማሳረፍ ሲል ወገቡን ሲያጣምም ዓመታት አልፈዋል።

«ስንት ዙር ነው የሚዞረው?»

«አሥራ ስምንት። በበዓል ሃያ ሁለት።»

አሥራ አንድ መርፌ ተከለች። መርፌዎቹ እንደ ጋማ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ሁለቱን መጋላ አልወደዳቸውም፤ አነሳቻቸውና ትንሽ ጠብቃ በሌላ ቦታ መለሰቻቸው። ጋሽ ኦብሳ ልጓሙን ይዘው በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል ግንባሩን ያሹታል። ስድስት ደቂቃ ያህል ሲሆን የታችኛው ከንፈሩ ተንጠለጠለ። ዓይኑ ተከደነ። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ ረጅም፣ ጥርሱን ሁሉ የሚያሳይ ማዛጋት አዛጋ፤ ምላሱን አላመጠ፤ ራሱ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ የሽማግሌው ደረት ላይ አረፈ።

በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ሠላሳ ሦስት አሳየ።

«ሠላሳ ሦስት!» አሉ ጋሽ ኦብሳ። «ሶሊ፣ ሐሙስ ጠዋት ትመጫለሽ። ከንባቡ በፊት፣ አንድ ሰዓት ላይ። እንዲህ አድርገሽልኝ ወደ ሰሌዳው ይግባ። ይለፍ፤ አንድ ዓመት ያገኛል።»

ሶሊያና መርፌዎቹን እየነቀለች ወደ ዕቃዋ ትመልሳለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስለቀለለው ተሽሎታል ማለት አይደለም። መገጣጠሚያው ያው ነው። ነገ ሃምሳ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ እንደ በፊቱ። ሐሙስ ካለፈ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ስምንት ዙር ነው የሚያዞሩት። ደህና ነው ተብሎ ተመዝግቦ እያመመው ይጎትታል።»

«ታዲያ ይሙት?»

«ለምን አያርፍም?»

«የሚያርፍ ፈረስ የሚባል ክፍል የላቸውም! ወይ ይሠራል ወይ ይሸኛል። እሱ ከሄደ ይሄ ጋሪ ይዘጋል። ጋሪው ከተዘጋ እኔም ከዚህ ክፍል ወጥቼ የአረጋውያን ፎቅ ነው የምገባው። እዚያ ደግሞ ያ ነገር ግዴታ ነው።» በአገጫቸው ሚስማሩን አሳዩዋት። «አባትሽ ቢሆን አይጠይቀኝም ነበር። ዘርጋው ፈረስ ያውቃል።»

ሶሊያና ዕቃዋን መክተት አቆመች።

«አባቴ ቢሆን ጨለለቃ ማዶ ወስዶ ይለቀው ነበር» አለች። «እንደ ቦራ።»

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ የነበረበት የአባቷ ፈረስ ነው። እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ አነከሰ። አንድ የሰኔ ጠዋት ስትነሳ አልነበረም። ያን ጊዜ የማይሠራ ፈረስ የትም ይለቀቅ ነበር፤ መኪና ይገጨዋል፣ ወይ ጅብ ይበላዋል፣ ማንም አይጠይቅም። የቀረው ፈረስ ጫንቃም ቢሆን ማሰሪያው የላጠው ቁስል አያጣም ነበር፤ የቀይ ሸራው ውበት ግን ያንን ሸፍኖት ኖሯል። የአንገት ቀለበቱን ሕግ ያወጡት ሰዎች ይህን ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሶሊያና በክፋት አውጥተውታል ብላ አታስብም። በዚያ ሰኔ ፉርሽካ በፌስታል ይዛ ሦስት ቀን ሐይቁ ዳር ተመላልሳለች። በሩቁ አንዴ ያየችው መሰላት። በአራተኛው ቀን መሄዱን ተወችው።

ውጪ ጎብኚዎች «ሄደ!» ሲሉ ተሰማ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አሉ ጋሽ ኦብሳ።

«ምን?»

«ቦራን። አባትሽ ውሰደው አለኝ፤ እሱ አልቻለም። ለቅቄው ስመለስ ተከተለኝ። ዞር ብዬ ሂድ አልኩት። ቆመ። ስራመድ ደግሞ ተከተለኝ።» ዓይናቸውን ከመጋላ ጋማ ላይ አላነሱም። «ድንጋይ አነሳሁበት፣ ሶሊ። ሁለት ወረወርኩ። በሁለተኛው ቆሞ ቀረ።»

ሶሊያና ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በአባቷ ስታሳብብ ኖራለች። አሁን የሰማችው አባቷ አልቻለም ነበር የሚለውን ነው። የሽማግሌውን ክንድ ያዝ አድርጋ ለቀቀችና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት አልሠራችም። ቤቷ ተቀምጣ የአንገት ቀለበቱን ደንብ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበች፤ ባለሙያዎቹ ሁሉ አንብበናል ብለው የሚፈርሙበት፣ ማንም አንብቦት የማያውቅ ረጅም ጽሑፍ ነው። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ አጭር አንቀጽ አገኘች። ከሥራ የተሰናበተ እንስሳ፣ ፈቃድ ያለው ተጓዳኝ ሐኪም ከጠየቀ፣ ለማስተማሪያ ሊተላለፍ ይችላል። በማስተማሪያ እንስሳ ላይ ንባብ አይካሄድም፣ ሥራም አይሠራበትም። ባለፈቃዱ ከሦስት ያላነሱ ተማሪዎችን ሁለት ዓመት ያስተምራል።

ሁለት ዓመት። አርባ ምንጭ የተቀባው ክፍል ታወሳት። ስልሳ ሦስት ትሞላለች ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር በእምነት ቢሮ ሄደች። ዶክተሯ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከስክሪን በቀር ምንም የለም። አንቀጹን ሁለቴ አነበበችው።

«ከሥራ የተሰናበተ ነው የሚለው» አለች። «ማለት መጀመሪያ መውደቅ አለበት። ሦስቱንም ንባብ።»

«አዎ።»

«ከወደቀ ሸኚዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ጥያቄውን ማስገባት የሚቻለው ከሦስተኛው ንባብ በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያለን። ደንቡን የሚያስፈጽመው ቢሮ መልስ የሚሰጠው መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።» ቀና አለች። «ለጋሽ ኦብሳ ነግረዋቸዋል?»

«አሁን ልነግራቸው ነው።»

«መርፌ ቢተክሉለት እኮ ያልፋል። ለምን እንደጠሩዎት አውቃለሁ፤ ዝም ልል ነበር።»

«አውቃለሁ ዶክተር።»

ጋሽ ኦብሳ ጋጣው ውስጥ ድርቆሽ እየበተኑ ሰሟት። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«መልሱ ባይመጣስ?»

«ይወስዱታል።»

«እኔ በእጄ ይዤ አስገብቼ፣ እንዲወድቅ ቆሜ አይቼ፣ ከዚያ ይወስዱታል።»

«ሊሆን ይችላል። አልዋሽዎትም፣ ጋሼ።»

ድርቆሹን መበተን ቀጠሉ።

ሐሙስ ማለዳ ስትመጣ ጋሽ ኦብሳንና መጋላን ከሐይቁ በኩል ሲመለሱ አገኘቻቸው። የመጋላ እግሮች ደረቅ ነበሩ። የድሮ ባለጋሪዎች የሚያነክስ ፈረስ ሲሸጡ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያቆሙት ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ያህል እግሩን ያደነዝዝለታል። ጋሽ ኦብሳ አፈሩን እያዩ «እስከ ዳሩ ሄጄ ነበር» አሉ። «ተመለስኩ።»

የመጀመሪያው ንባብ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። መጋላ ባዶ ክፍል መሐል ቆመ፤ ሰሌዳው ስልሳ አንድ አለ። ወጣና አንድ ዙር ጎተተ። አራት ሰዓት ላይ ስልሳ ሦስት። በደንቡ መሠረት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያርፋል። ሦስተኛው ስድስት ሰዓት ላይ ሲጀመር ጋሽ ኦብሳ እንደ ልማዳቸው ግንባሩን ያሹታል፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳ። ሃምሳ ዘጠኝ።

ሶሊያና ዶክተር በእምነትን አየቻት። ዶክተሯም ገብቷታል።

ጋሽ ኦብሳ ሰሌዳውን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አዩ። ሲያሹት የቆዩበትን እጅ ቀስ ብለው ከግንባሩ ላይ አነሱ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። መጋላ ራሱን ቀና አደረገ። ሁለተኛ እርምጃ፣ ሦስተኛ፤ ግድግዳው ጋ ደርሰው በጀርባቸው ተደገፉ። ፈረሱ አንገቱን አዙሮ ፈለጋቸው፤ ሊከተል ሲል ያመመው እግሩ ላይ ቆመና ወገቡ ተንቀጠቀጠ።

«ቁም» አሉት ጋሽ ኦብሳ። «እዚያው ቁምልኝ፣ ወንድሜ።»

ስልሳ አንድ። ሰሌዳው ቀይ ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ።

ዶክተሯ ጥያቄውን በዚያው ቅጽበት ላከች። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መጣ። ሌላ ነገር ሳይመጣ ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጩ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሁለት ወጣቶች ወርደው ለጋሽ ኦብሳ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

«ትንሽ ጠብቁ» አለች ዶክተር በእምነት። «የእጅ ምርመራ አላደረግሁም።»

«ይቅርታ፣ ምን?» አለ አንደኛው።

«ከሽኝት በፊት ሐኪሙ እንስሳውን በእጁ ሊመረምር ይችላል ይላል። ልመርምረው ነው።»

ወጣቶቹ ተያዩ። አይተውት አያውቁም፤ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው፣ ተቀመጡ። ዶክተር በእምነት እጅጌዋን ጠቅልላ ከመጋላ ጎን ቆመች። እጇን የት እንደምታደርግ አላወቀችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈረስ ስታክም ከስክሪን ላይ ነበር ያከመችው።

«ከጫንቃው ጀምሪ» አለች ሶሊያና በቀስታ። «በአውራ ጣት። አትቸኩዪ።»

አልቸኮለችም። አንድ በአንድ፣ ጡንቻ በጡንቻ ሄደች። ሲያመው ቆዳው ከጣቷ ስር ሲሸሽ «እዚህ ነው?» ትላለች፤ «እዚያ ነው» ትላታለች ሶሊያና። የእያንዳንዱን ሰኮና ሙቀት በመዳፏ ለካች። ጆሮዋን ጎኑ ላይ አድርጋ የሆዱን ድምፅ አዳመጠች፤ ይህንን ሶሊያና ያሳየቻት ነው፣ እሷም ከአባቷ ያየችው። ምርመራው ለማዘግየት የተጀመረ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ዶክተሯ ሰዓቱን ረስታ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ጥሪ ሲገባላት ደነገጠች። አዳመጠች። ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ዞረች።

«ተላልፏል» አለች። «ቀለበቱን ፍቱለት።»

ወጣቶቹ ትሑት እንደሆኑ ቀለበቱን ፈትተው ይዘው ሄዱ። ከስሩ ፀጉር የሌለበት ነጭ ክብ ተገኘ። ጋሽ ኦብሳ እሱን ሲያዩ ነው የተቀመጡት፤ እዚያው መሬት ላይ፣ ድርቆሹ ላይ፣ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፍነው።

ሶሊያና ያን ዕለት ማታ ልጇ ዘንድ ደወለች። ልጇ ተቆጣች፣ በኋላ «ቀለሙ እስከዚያ ይለቃል» ብላ ሳቀች። ተማሪ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የተገኙት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም ሁለቱ የመጡት ከሌላ ትምህርት ተቀንሰው ነው። ሦስተኛዋ ኢማን የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ፈረስ ነክታ አታውቅም። መጀመሪያ ቀን ሦስቱም መጋላ ፊት ቆመው ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ግድግዳውን ያያሉ፣ በሩን ያያሉ። ጋሽ ኦብሳ የማስተማሪያ እንስሳ ያዥ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ክፍላቸውም አልተነካባቸውም። ልጓሙን ይዘው «ወደዚህ! ፈረሱ እዚህ ነው ያለው!» እያሉ ይጮኹባቸው ነበር።

መጋላ ከንባቡ በኋላ አሥራ ስድስት ወር ኖረ። አንዳንድ ቀን ደህና ነበር፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከጋጣው አልወጣም፤ መርፌውም መድኃኒቱም የሚችሉትን ያህል አገዙት። በአንድ የጥቅምት ጠዋት እንደተኛ ቀረ። ሶሊያና ሁለት ዓመቱን ጨርሳ ወደ አርባ ምንጭ ወረደች። ስለ መጋላ ሲጠይቋት ግን ስለዚያ ጥቅምት አታወራም። የምታወራው ከንባቡ አራት ወር ያህል በኋላ ስለነበረ አንድ ጠዋት ነው።

ዝናቡ ካበቃ ሳምንት ሆኖት ነበር። ኢማን መጋላን ልታንሸራሽረው አውጥታዋለች፤ ጋሽ ኦብሳና ሶሊያና ከኋላ ይከተላሉ። ካርድ መፋቂያው ሱቅ ፊት ለፊት፣ ኮብልስቶኑ የተነቀለበት ቦታ፣ ፀሐይ ያሞቀው ደረቅ አፈር ነበር። መጋላ እዚያ ሲደርስ ቆመ። አፈሩን አሸተተ። በፊት እግሩ አንዴ፣ ሁለቴ ጫረው። ከዚያ ጉልበቱን አጠፈና ያ ትልቅ ገላው ዘጭ አለ።

ኢማን ጮኸች። ተሰልፈው የነበሩት ጎብኚዎች ዞሩ።

«አሞታል!» አለ አንዱ። «ቁጥሩ ስንት ነው? ቁጥሩ የት አለ?»

መጋላ በጀርባው ተገለበጠ። አራቱም እግሮቹ፣ ያ የግራው ሳይቀር፣ ወደ ሰማይ ተወረወሩ። ጀርባውን ከአፈሩ ጋር ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አሸ፤ ሆዱ ተንቦጫቦጨ፣ አቧራው ሱቁን ጋረደው። ከጉሮሮው አንድ የእርካታ ማቃሰት ወጣ።

ኢማን ልትሮጥ ስትል ሶሊያና ክንዷን ያዘቻት። «ቆይ። እዪው እስኪ። ሆዱን የሚያመው ፈረስ ደጋግሞ ይወድቃል፣ ጎኑን እያየ ያልበዋል። እሱ ያልበዋል?»

ኢማን አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

«አያልበውም» አለች። «ደስ ብሎታል እኮ!»

ጋሽ ኦብሳ ስቀው ሊሞቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ተንከባልሎ አያውቅም እያሉ፣ የማያውቋቸውን ጎብኚዎች ትከሻ እየያዙ ይነግሯቸዋል፤ ወገቡ አይፈቅድለትም ነበር፣ እዩት፣ እዩትማ! አንዲት ሴት የፋቀችውን ካርድ ጣለችና ማጨብጨብ ጀመረች። መጋላ ከጀርባው ተመልሶ ትንሽ አረፈ፤ በሁለት ሙከራ ተነሳ። እግሮቹን ዘርግቶ ከራሱ እስከ ጅራቱ ተራገፈ፤ አቧራውም በቆሙት ሰዎች ሁሉ ላይ፣ በነጫጭ ልብሳቸው ላይ ቀስ ብሎ አረፈ።

ማንም አላራገፈውም።